የኖርዌይ ኳስ ከቦዶ ግሊምት በፊትም ነበረ፤ ሮዘንቦርግን ለረሳው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ ኖርዌዩ ክለብ ቦዶ ግሊምት የተጻፈ አንድ ረዘም ያለ ጽሑፍ ከስልክ ስልክ ሲዞር ነበር። ኳስ ወዳድ ጓደኛ ያለው ሰው ሳይደርሰው የቀረ አይመስለኝም። ስለ ግሊምት የሚለው አብዛኛው ነገር ልክ ነው፤ አጻጻፉም ይጥማል። የከነከነኝ ግሊምትን ከፍ ለማድረግ ብሎ ሌላውን የኖርዌይ ክለብ ሮዘንቦርግን አፈር ድሜ ማስጋጡ ነው።

ላላነበባችሁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ጸሐፊው እንደሚለው የኖርዌይ ክለቦች የአውሮፓ ታሪክ የጀመረው ኦክቶበር 2021 ላይ፣ ግሊምት የሞሪንሆን ሮማ 6 ለ 1 ባሸነፈበት ምሽት ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ነጥብ አዳዮች ናቸው። ሮዘንቦርግ ሚላንን ማሸነፉ እድል ነው፤ ሚላን ያኔ ሚላን አልነበረም። ሌሎቹን ድሎች ደግሞ ያመጣው ብርዱ ነው። ቻምፒዮንስ ሊጉም ያኔ ቀላል ነበር። ከሜዳው ሲወጣ ይዘንብበታል። አገር ቤት የነገሠውም በገንዘብ ነው። በመጨረሻም ዘመኑ አለፈበትና ጠፋ። ይህን ሁሉ ካለ በኋላ የኖርዌይ ክለቦች አምስት ምርጥ የአውሮፓ ምሽቶች ብሎ ይደረድራል። አምስቱም የግሊምት ናቸው።

በተራ እንየው። ዓመቶቹንና ወሮቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።

አስቀድሞ ግን፣ ከግሊምት ጋር ጸብ የለኝም። ሮማን ስድስት ያገባ ቡድን ነው። በ2025 ላዚዮን ሮም ድረስ ሄዶ በፍጹም ቅጣት ምት ጥሎ የዩሮፓ ሊግ ግማሽ ፍጻሜ ገብቷል፤ አውሮፓ ላይ ግማሽ ፍጻሜ የደረሰ የመጀመሪያው የኖርዌይ ክለብ እሱ ነው። በ2025/26 ቻምፒዮንስ ሊግ ገብቶ ማንችስተር ሲቲን 3 ለ 1 አሸነፈ፣ ኢንተርን በደርሶ መልስ አሰናበተ። ሮዘንቦርግ ግማሽ ፍጻሜ ደርሶ አያውቅም። ይህን የሚክድ የለም። ክርክሩ ሌላ ነው።

"ታሪኩ በ2021 ጀመረ" ከሚለው እንነሳ።

ሮዘንቦርግ ከ1995 እስከ 2002 ስምንት የውድድር ዘመን በተከታታይ ቻምፒዮንስ ሊግ ምድብ ውስጥ ገብቷል። ስምንት! አንድም ሳይዘል። ከዚያም በ2004፣ በ2005 እና በ2007 ተመልሶ ገባ። ሲደመር አሥራ አንድ ነው። ይህን ያደረገው ያኔ መቶ ሃምሳ ሺህ ገደማ ሰው ይኖርባት የነበረችው የትሮንድሄም ክለብ ነው። ለማነጻጸር ያህል፣ ሊቨርፑል ቻምፒዮንስ ሊግ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የገባው በ2001 ነው። ኢንተር በ1998። አርሰናልም እንደዚያው በ1998። ሮዘንቦርግ ሦስቱንም ውስጥ ሆኖ ነው የጠበቃቸው።

እሱ ብቻም አይደለም። በ1996/97 ብራን ፒኤስቪን አስወጥቶ የዋንጫ አሸናፊዎች ዋንጫ ሩብ ፍጻሜ ገባ፤ ሊቨርፑልን አገሩ ላይ 1 ለ 1 ይዞት በመልሱ ነው የወደቀው። ከሁለት ዓመት በኋላ ቮለሬንጋ በዚያው ውድድር ሩብ ፍጻሜ ደርሶ ከቼልሲ ጋር ተጫወተ። በ1999 መጸው ደግሞ ሮዘንቦርግና ሞልደ ሁለቱም ቻምፒዮንስ ሊግ ውስጥ ነበሩ። ከአንዲት ትንሽ አገር ሁለት ክለብ! ነጥብ አዳይ እንዲህ ነው?

ከሁሉ የሚያስቀው ደግሞ ጸሐፊው የሚወደውን ክለብ ታሪክም መቁረጡ ነው። ግሊምት በ1976 ከናፖሊ፣ በ1978 ከኢንተር ጋር ተጫውቷል። በ1994 ቦዶ ላይ ሳምፕዶሪያን 3 ለ 2 አሸንፏል፤ ጄኖዋ ላይ 2 ለ 0 ተሸንፎ ወደቀ እንጂ። የሰሜን ኖርዌይ ክለቦች እስከ 1970ዎቹ መጀመሪያ ድረስ በአገሪቱ ከፍተኛ ሊግ እንዳይጫወቱ የተከለከሉ ነበሩ። ከዚያ ጉድጓድ ወጥቶ ሳምፕዶሪያን ያሸነፈን ክለብ "በ2021 ተወለደ" ማለት ግሊምትንም ማሳነስ ነው።

ወደ ሚላን እንምጣ። ደስ የሚለው እሱ ነው።

እዚህ ላይ ጸሐፊው ግማሽ እውነት ይዟል። የ1996/97 ሚላን የለመድነው ሚላን አልነበረም። የጣሊያን ቻምፒዮን ሆኖ ጀምሮ ሴሪ አውን 11ኛ ሆኖ ነው የጨረሰው። ከሮዘንቦርግ ጋር ሊጫወት ቀናት ሲቀሩት አሰልጣኙን ኦስካር ታባሬዝን አሰናብቶ አሪጎ ሳኪን መልሶ አመጣ። ጆርጅ ዊሃም አልነበረም። ከፖርቶ ጨዋታ በኋላ የሆርጄ ኮስታን አፍንጫ በቴስታ ሰብሮ ስድስት ጨዋታ ተቀጥቶ ነበር። ይህችን ጸሐፊው አልጠቀሳትም እንጂ ለክርክሩ በጣም ትመቸው ነበር። በነጻ ሰጥቼዋለሁ።

አሁን ሌላውን ግማሽ እንጨምርበት።

ዲሴምበር 4 ቀን 1996፣ ሳን ሲሮ። የምድቡ የመጨረሻ ጨዋታ ነው። ፖርቶ አስቀድሞ አልፏል፤ የቀረችው አንዲት ቦታ ናት። ሚላን 7 ነጥብ አለው፣ ሮዘንቦርግ 6። ሚላን በሜዳው ነው፣ አቻ ይበቃዋል። ደግሞ ይህንኑ ቡድን ትሮንድሄም ድረስ ሄዶ 4 ለ 1 ቀጥቶት ተመልሷል፤ ማርኮ ሲሞኔ ብቻውን ሦስት አግብቶ። የኖርዌይ ሊግ ከተጠናቀቀ ሰንብቷል። የሌላው ክለብ ተጫዋች ሁሉ እረፍት ላይ ነው።

29ኛው ደቂቃ ላይ ሃራልድ ብራትባክ አገባ። ቀጭን፣ ፈጣን አጥቂ ነው። ኋላ ላይ ኳስ አቁሞ የአውሮፕላን አብራሪ ሆኗል። እረፍት ሊወጡ ሲሉ ክሪስቶፍ ዱጋሪ አቻ አደረገ። ትንሽ ቡድን አብዛኛውን ጊዜ የሚያልቅለት እዚህ ጋ ነው፤ ልቡ ይሰበራል፣ ሁለተኛውን አጋማሽ እየተከላከለ ይቆያል፣ መጨረሻ ላይ "ደህና ተጫውተናል" ብሎ ሻንጣውን ይዞ ይሄዳል። እነሱ ግን ወደ ፊት መጫወታቸውን አላቆሙም። 70ኛው ደቂቃ ላይ የ21 ዓመቱ ቬጋርድ ሄገም ሁለተኛዋን ጨመረ። ሚላን ሃያ ደቂቃ ነበረው። አልቻለም። 2 ለ 1 አለቀ፤ ከምድቡ ያለፈው የትሮንድሄሙ ክለብ ነው።

ሚላን መዳከሙ እውነት ነው። ግን ሮዘንቦርግ ሳን ሲሮ የደረሰው ከሰማይ ወርዶ አልነበረም። ወደ ምድቡ ለመግባት በማጣሪያ ፓናቲናይኮስን ጥሏል፤ ፓናቲናይኮስ ደግሞ ከጥቂት ወራት በፊት የቻምፒዮንስ ሊግ ግማሽ ፍጻሜ የተጫወተ ክለብ ነበር። ምድቡ ውስጥ የስዊድኑን ክለብ ዬተቦርግን በሜዳውም ከሜዳውም ውጪ አሸንፏል። 9 ነጥብ የሚመጣው በአንድ ምሽት እድል አይደለም።

ከዚያስ ምን ሆነ? ሩብ ፍጻሜው ማርች ላይ ነው፤ የኖርዌይ ሊግ የሚጀመረው ግን ኤፕሪል ነው። ስለዚህ ሮዘንቦርግ የዋንጫውን ባለቤት ጁቬንቱስን የገጠመው ከኦክቶበር ወዲህ አንድም የሊግ ጨዋታ ሳያደርግ ነው። በዚያ ላይ አጥቂውን ስቴፈን ኢቨርሰንን ዲሴምበር ላይ ለቶተንሃም ሸጧል። ዚዳንና ዴል ፒዬሮ የነበሩበት ክለብ ነው እንግዲህ። ትሮንድሄም ላይ 1 ለ 1 ወጡ። ቱሪን ላይ 2 ለ 0 ተሸነፉ። ያ ጁቬንቱስ ፍጻሜ ደረሰ። እኔ ይህን "እድል" ለማለት አፌን አይሞላልኝም።

ቀጥሎ ብርዱ። ይህ ክርክር ሁልጊዜ ይገርመኛል።

አንድ ጨዋታ ልስጠው። ኖቬምበር 26 ቀን 1997 ሪያል ማድሪድ ወደ ሮዘንቦርግ ሜዳ ሌርከንዳል መጥቶ 2 ለ 0 ተሸነፈ። ትሮንድሄም በኖቬምበር መጨረሻ ምን እንደሚመስል ለመገመት ጂኦግራፊ መማር አያስፈልግም። እሺ፣ ብርዱ ረድቷል እንበል። ሌሎቹንስ? ሚላንን ያሸነፈው ሚላን ላይ ነው። በ1999 ቦሩሲያ ዶርትሙንድን 3 ለ 0 ያሸነፈው ዶርትሙንድ ላይ ነው፤ ያ ስታዲየም ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ። በ2005 ኦሎምፒያኮስን 3 ለ 1 ያሸነፈው ግሪክ ላይ፣ ያውም በሴፕቴምበር ነው። በ2007 ቫሌንሲያን 2 ለ 0 ያሸነፈው ቫሌንሲያ ላይ ነው። ግሪክ በሴፕቴምበር በረዶ ጣለባት እንዴ?

ደግሞ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ክረምቱ የኖርዌይን ክለብ ከማንም በላይ ይጎዳዋል። ሊጉ ይዘጋል፣ ተጫዋቹ ከጨዋታ ሪትም ይወጣል፣ ተጋጣሚው ግን በየሳምንቱ እየተጫወተ ነው የሚመጣው። ትልቁ ጨዋታ የሚመጣው ደግሞ ልክ በዚህ ሰዓት ነው። የጁቬንቱሱን አሁን ነገርኳችሁ።

አንድ ጥያቄም አለኝ። ቦዶ ከትሮንድሄም በብዙ ወደ ሰሜን ርቃ አርክቲክ ክበብ ውስጥ ያለች ከተማ ናት። ሜዳዋ ሰው ሰራሽ ሳር ነው፤ ሌርከንዳል ግን ያኔ የተፈጥሮ ሳር ነበር። ሮማ ስድስት ሲገባበት "ድንቅ ኳስ"፣ ማድሪድ ሁለት ሲገባበት "ብርድ" የሚሆነው በምን ሂሳብ ነው? የግሊምትን ድል ብርዱ ያመጣው ነው እያልኩ አይደለም። ላንዱ የሚሠራ መለኪያ ለሌላውም ይሥራ ነው የምለው።

አሁን ጽሑፉ በጣም የተሳሳተበት ቦታ ደረስን፤ ቻምፒዮንስ ሊግ ያኔ ቀላል ነበር የሚለው። እዚህ ጋ ትንሽ ታገሡኝ።

እስከ 1996/97 ድረስ ምድብ የሚገባው 16 ቡድን ብቻ ነበር። የሚወዳደሩትም የየአገሩ ቻምፒዮኖችና የዋንጫው ባለቤት ናቸው። ከጣሊያን አራት፣ ከእንግሊዝ አምስት የሚባል ነገር የለም። ቀላል የሚመስለው ለዚህ ይሆናል፤ ግን የኖርዌይ ቻምፒዮን በማጣሪያ አንድ ጠንካራ ክለብ መጣል ነበረበት። በ1995 ቤሺክታሽን፣ በ1996 ፓናቲናይኮስን። ከዚያ ምድብ ውስጥ ገብተህ ከአራት ሁለተኛ መሆን አለብህ።

በ1997/98 ነገሩ ባሰ። ስድስት ምድብ ተደረገና ስድስቱ አንደኞች ያልፋሉ፤ ከስድስቱ ሁለተኞች ግን የሚያልፉት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ሮዘንቦርግ ከሪያል ማድሪድ፣ ከፖርቶና ከኦሎምፒያኮስ ጋር ተደለደለ። ማድሪድ ላይ 4 ለ 1 ተሸንፎ ጀመረ። ከዚያ ፖርቶን 2 ለ 0፣ ኦሎምፒያኮስን 5 ለ 1 አሸነፈ። ፖርቶ ላይ 1 ለ 1 ወጣ። ማድሪድን 2 ለ 0 መለሰለት። በ10 ነጥብ ወደ አቴንስ ሄደ።

ያ ምሽት እስካሁን ያንገበግበኛል፤ ደጋፊያቸውም አይደለሁም። ሮዘንቦርግ አቴንስ ላይ 2 ለ 1 እየመራ ነው። ካሸነፈ 13 ነጥብ፣ ሩብ ፍጻሜ። በሌላ ከተማ ደግሞ ጁቬንቱስ ማንችስተር ዩናይትድን ገጥሟል፤ ማሸነፉ ብቻውን አይበቃውም፣ የሌሎችን ውጤት ይጠብቃል። ኢንዛጊ መጨረሻ ላይ ለጁቬንቱስ አገባ። ኦሎምፒያኮስም መጨረሻ ላይ አቻ አደረገ። 2 ለ 2። ሮዘንቦርግ 11፣ ጁቬንቱስ 12። ጁቬንቱስ አለፈና ፍጻሜ ድረስ ሄደ። ፍጻሜውን 1 ለ 0 ያሸነፈው ማነው? ሪያል ማድሪድ። ያው ትሮንድሄም ላይ ሁለት የገባበት ማድሪድ። የዚያ ዓመት ሁለቱ የፍጻሜ ቡድኖች እነዚህ ናቸው፤ አንዱን አሸንፎታል፣ ሌላውን በአንዲት ጎል ምክንያት ነው ከውድድሩ ሳያስቀረው የቀረው።

ከአሁኑ ጋር እናስተያየው። አሁን 36 ቡድን ገብቶ 24ቱ ያልፋል። ግሊምት በስምንት ጨዋታ 9 ነጥብ ይዞ አልፏል፤ ሲቲንና አትሌቲኮ ማድሪድን አሸንፎ ነው፣ ይገባዋል። ሮዘንቦርግ ግን በስድስት ጨዋታ 11 ነጥብ ይዞ ነው ቤቱ የገባው። የትኛው ነው ቀላሉ?

በቀጣዩ ዓመት፣ በ1998/99፣ አሰልጣኙ ኤገን ለአንድ ዓመት እረፍት ወጥቶ ትሮንድ ሶሊድ ሲያሠለጥን፣ ጁቬንቱስ፣ ጋላታሳራይና ሮዘንቦርግ ሦስቱም እኩል 8 ነጥብ ይዘው ጨረሱ። ያለፈው ጁቬንቱስ ነው። እንግዲህ በሁለት ዓመት ሁለት ጊዜ በጁቬንቱስ መቀደም ምን ይባላል? በ1999/2000 ግን ምድቡን አንደኛ ሆኖ አለፈ። ፌይኖርድ፣ ዶርትሙንድና ቦአቪስታ ከሥሩ ናቸው። አዎ፣ በሁለተኛው ዙር ምድብ ከባየርን፣ ከማድሪድና ከዳይናሞ ኪየቭ ጋር ተደልድሎ አንድ ነጥብ ብቻ ነው ያገኘው። እሱንም አልደብቅም።

"ከሜዳው ሲወጣ ይዘንብበታል" ለሚለው ረጅም መልስ አያስፈልግም። ዘንቦበታል። በ2000 ፓሪስ ላይ 7 ለ 2፣ በ2002 ሊዮን ላይ 5 ለ 0፣ በ2004 በአርሰናል ሜዳ ሃይበሪ ላይ 5 ለ 1። በ1995 ብላክበርን ላይ ማይክ ኒውል በዘጠኝ ደቂቃ ውስጥ ሀትሪክ ሠርቶበታል። ጸሐፊው የዘለላቸው ግን አሉ። ያው ብላክበርን ትሮንድሄም ላይ 2 ለ 1 ተሸንፏል፤ ያው ፓሪስ 3 ለ 1። አርሰናል 1 ለ 1 ወጥቶ ነው የሄደው። ደግሞ ግሊምትም ከ6 ለ 1 በኋላ በዚያው የውድድር ዘመን ሮም ላይ 4 ለ 0 ተሸንፎ ነው ከኮንፈረንስ ሊጉ የወጣው። ያንን ጽሑፉ ውስጥ ፈልጌ አጣሁት።

የገንዘቡ ክርክር የጽሑፉ ጠንካራ ነጥብ ነው። ሮዘንቦርግ ከ1992 እስከ 2004 የኖርዌይን ሊግ አሥራ ሦስት ጊዜ በተከታታይ ወስዷል። ቻምፒዮንስ ሊግ ገንዘብ ያመጣል፣ ገንዘቡ ምርጥ ተጫዋች ያመጣል፣ ምርጡ ተጫዋች መልሶ ቻምፒዮንስ ሊግ ያስገባል። ሌላው ክለብ ከየት ይድረስበት? ይህ ለሊጉ ጥሩ እንዳልነበር እስማማለሁ። ሩኣር ስትራንድ የሚባለው አማካያቸው ብቻውን 16 የሊግ ዋንጫ አለው፤ አንዳንድ አገር ያለ ክለብ በሙሉ ታሪኩ ይህን አያገኝም።

ግን ገንዘቡ የመጣው ከኳሱ በኋላ ነው። ኒልስ አርነ ኤገን ቡድኑን የሠራው በሚሊየነር ብር አልነበረም። በዚያው አካባቢ የተወለደ፣ በአስተማሪነትም የሠራ ሰው ነው። ሁልጊዜ 4-3-3፣ ሁልጊዜ ወደ ፊት። ትልቁ ሕጉ ቀላል ነበር፤ ኳስ ስታቀብል ጓደኛህ በሚመቸው እግሩ፣ በሚመቸው ቦታ እንድትደርሰው አድርግ፤ የራስህን ሳይሆን የሱን ጥሩ ጎን አስብ። ይህን ለዓመታት በተመሳሳይ ልጆች ደጋግመህ ስታሠራ ኳሱ ዓይን ተጨፍኖም ይሄዳል። ስካመልስሩድ፣ ስትራንድ፣ ሆፍቱን፣ ያምትፋል የሚባሉት የዚያ ትምህርት ቤት ልጆች ናቸው። ሚላንን ያሸነፈው ቡድን በኖርዌይ ልጆች የተሞላ ነበር። የተሻለ ደሞዝ ሲመጣ ይሄዳሉ፤ ኢቨርሰን ወደ ቶተንሃም፣ ብራትባክ ወደ ሴልቲክ፣ ሄገም ወደ ሊቨርፑል፣ ዮን ካሪው ወደ ቫሌንሲያ። ኤገን በሌላ ይተካል፣ ጨዋታው ይቀጥላል።

አሁን ግሊምትን ተመልከቱ። 4-3-3፣ ወደ ፊት የሚሄድ ኳስ፣ በአብዛኛው የኖርዌይ ልጆች፣ ለረጅም ዓመት አንድ አሰልጣኝ፣ ኮከቡ ሲሸጥ የማይናጋ ቡድን። ከ2020 እስከ 2024 ባሉት አምስት የውድድር ዘመናት ሊጉን አራት ጊዜ ወስዷል፣ የአውሮፓውም ገንዘብ እየመጣለት ነው። አሰልጣኙ ክየቲል ክኑትሰን የራሱ ሰው ነው፣ ኮርጆ ነው አላልኩም። ግን ጸሐፊው ግሊምት ላይ "አዲስ ፍልስፍና" ያለው ነገር ሮዘንቦርግ ላይ "ገንዘብ" ሲሆን ግራ ይገባኛል።

የቀረው "ዘመኑ አለፈበትና ጠፋ" የሚለው ነው። መውረዱ እውነት ነው፤ እንደ ጧፍ በአንድ ሌሊት ግን አልጠፋም። ኤገን በ2002 ለቀቀ። በ2003 በመጨረሻው ማጣሪያ ዴፖርቲቮ ላ ኮሩኛ ገጥሞት በደርሶ መልስ 1 ለ 0 ብቻ ተሸነፈ፤ ያ ዴፖርቲቮ በዚያው ዓመት ሚላንን 4 ለ 0 አሸንፎ ግማሽ ፍጻሜ የገባው ነው። በ2005 አገር ቤት ሰባተኛ ወጣ። እንደ እኔ ዋናው ምክንያት የኳስ ስልቱ ማርጀት አይደለም፤ ውሉ ያለቀ ተጫዋች በነጻ ክለብ እንዲቀይር ከፈቀደው የቦስማን ፍርድ በኋላ ትልልቆቹ ሊጎች በቴሌቪዥን ገንዘብ ከትንንሾቹ ጋር የነበራቸውን ርቀት ማስፋታቸው ነው። ሮዘንቦርግ የሚያሳድገውን ልጅ ድሮ በ23 ዓመቱ ይወስዱት ነበር፤ ኋላ ኋላ ገና ሳይበስል መውሰድ ጀመሩ። አያክስም፣ የቤልግሬዱ ቀይ ኮከብም፣ የቡካሬስቱ ስቴዋም የደረሰባቸው ይኸው ነው።

ከመውረዱ በኋላም ቢሆን 2007ን እዩ። ሴፕቴምበር 18፣ ስታምፎርድ ብሪጅ፣ የሞሪንሆ ቼልሲ። ስታዲየሙ አልሞላም፤ 25 ሺህ የማይደርስ ሰው ነው የገባው፣ ቀላል ጨዋታ ነው ተብሎ። ፊንላንዳዊው ተከላካይ ሚካ ኮፒነን ቀድሞ አገባ። ሼቭቼንኮ አቻ አደረገ። 1 ለ 1። በሁለተኛው ቀን ሞሪንሆ ከቼልሲ ወጣ። በሮዘንቦርግ ምክንያት ነው አልልም፤ ከባለቤቱ ጋር የነበረው ጣጣ ረጅም ነው። ግን ጽሑፉን በሞሪንሆ ውርደት የጀመረ ሰው፣ ከአሥራ አራት ዓመት በፊት ሞሪንሆ በቼልሲ የመጀመሪያ ቆይታው ያደረገው የመጨረሻ ጨዋታ ከኖርዌይ ክለብ ጋር እንደነበር ሳይጠቅስ ማለፉ ትንሽ አይከብድም? በዚያው ምድብ ቫሌንሲያን ሁለት ጊዜ፣ ሁለቱንም 2 ለ 0 አሸንፏል። ከዚያ በኋላም በ2010፣ በ2012፣ በ2015፣ በ2017፣ በ2018 እና በ2019 ዩሮፓ ሊግ ምድብ ገብቷል። ብዙም አልተሳካለትም፤ በ2019 በስድስት ጨዋታ አንድ ነጥብ ነው ያገኘው። ጠፋ የሚባለው ግን የሌለ ነገር ነው።

እንግዲህ ዝርዝሩ ቀርቷል። የጸሐፊው አምስት ምሽቶች እነዚህ ናቸው፦ ሮማ 6 ለ 1፣ ግላስጎ ላይ ሴልቲክን 3 ለ 1፣ የላዚዮው ፍጹም ቅጣት ምት፣ ሲቲ 3 ለ 1፣ ኢንተር ሳን ሲሮ ላይ። የእኔ አንደኛ ዲሴምበር 1996 ሳን ሲሮ ነው፤ ከዚያ በፊት ይህን የሚያህል ነገር ያደረገ የኖርዌይ ክለብ ስላልነበረ። ሁለተኛ የላዚዮው ይሁን፣ ግማሽ ፍጻሜ ግማሽ ፍጻሜ ነው። ሦስተኛ ማድሪድ 2 ለ 0፣ ዓመቱን ቻምፒዮን ሆኖ የጨረሰ ቡድን ነውና። አራተኛ ሮማ። አምስተኛው ላይ የዶርትሙንዱ 3 ለ 0 እና የኢንተሩ ይፋጠጣሉ፤ የኢንተሩ ቢያሸንፍ አልከራከርም። የሴልቲኩ ግን ይውጣ። በዚያ ዓመት ከሴልቲክ ጋር ተጫውቶ ያላሸነፈ አውሮፓዊ ብዙ አልነበረም።